ገንዳውና ዓሣው በአንድ ቀን ባይሸጡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በአዲስ አበባ አኳሪየም (የጌጥ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) የሚሸጡ ነጋዴዎች ገንዳውንና ዓሣዎቹን በአንድ ቀን አስረክበው ገዢው ማታውኑ ዓሣዎቹን አዲስ ውኃ ውስጥ የሚጨምርበት ልማድ ሊታረም ይገባዋል እላለሁ።

ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ክሎሪን ብቻ ነው። እርሱ ቀላሉ ነው፤ የቧንቧ ውኃ አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ካደረ ነፃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተናል። ገዳዩ ግን ዓሣው ራሱ በስንጥቡ የሚያስወጣው፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ የሚጨምርበት አሞኒያ ነው። በቆየ አኳሪየም፣ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል፤ በአዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ መሀል የሚከማቸው ናይትራይት የዓሣውን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም ስለሚያሳጣው፣ ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ ዓሣዎቹ ታፍነው ይሞታሉ፤ ባለቤቱም “የታመመ ሸጡልኝ” ብሎ ሌላ ይገዛል።

የውኃው ፒኤች (የአሲድነት ወይም የአልካላይነት መለኪያ) ከፍ ሲል አደጋው ይበረታል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 በሆነ ውኃ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ግን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣ ውኃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣ ውኃ ጠባያቸው አንድ ስላልሆነ፣ የጎረቤትን ምክር ከመከተል የራስን ቧንቧ ውኃ ፒኤች መለካት ይበጃል። በዚህ ላይ በከተማችን ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ከውጭ በመጣ የገንዳ ካርቶን ላይ የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መቀበል አያዋጣም።

ስለዚህ ሻጮች ገንዳውን አስቀድመው ቢሸጡ፣ ገዢውም ማጣሪያውን እያሠራ ባክቴሪያዎቹን የሚመግብ አሞኒያ እንዲፈጠር በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ቢጨምርና አሞኒያውም ናይትራይቱም መጀመሪያ ታይተው ኋላ ተመልሰው ዜሮ መሆናቸውን በመመርመሪያ ጠብታ ካረጋገጠ በኋላ ጥቂት ጥቂት ዓሣ ቢወስድ መልካም ነው። ጤነኛ ዓሣ ካለበት ከቆየ ገንዳ የተቆረጠ እርጥብ ስፖንጅ አብሮ መስጠት ለሻጩ ወጪው ኢምንት ሲሆን፣ የጥበቃውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል፤ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል ስፖንጁ ክሎሪን ባለው ውኃ እንዳይታጠብ ግን አደራ ሊባል ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ