እማዬ፣ ስለዚያች እብጠት

አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ ይሄን ስጽፍ አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ከቅዳሴ ስትወጪ ይታየኛል።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ ቤቱ በቡና ጠጪ ተሞልቶ ነበር። አንዴ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሦስተኛው ጊዜ ግን ገና ስጀምርልሽ ወሬውን ወደ በርበሬ ዋጋ አዞርሽብኝ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በኩራዝ የቆጠርሽው ፊደል ዛሬ ይጥቀመን። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ስለ ጡትሽ ነው።

እህቴን አደራ እንዳትቆጫት። ጳጉሜ ላይ፣ ሩፋኤል ዕለት፣ በዝናቡ ስትታጠቢ ጀርባሽን እያሸችልሽ ነው ያየችው። በግራ ጡትሽ፣ በብብትሽ በኩል፣ ባቄላ የምታክል ጠጣር ነገር። «ከሰኔ ጀምሮ አለች፣ አታመኝም፣ ለእህትሽ እንዳትነግሪ» አልሻት። ልጅቷ ከአንድ ወር በላይ ቃሏን ጠብቃ እንቅልፍ አጥታ ከረመች። ባለፈው ሳምንት አልቻለችም። ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ።

ለካስ ነሐሴ ላይ አንድ ክሊኒክ ሄደሽ ነበር። የነበረው ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ጡትሽን ሳይዳስስ፣ ኪኒን ጽፎልሽ «ካልጠፋ ተመለሺ» ብሎሻል። ኪኒኑ አለቀ፣ እብጠቷ አልጠፋችም፣ አንቺም አልተመለስሽም። በዚህ በጣም ተናድጃለሁ፣ በአንቺ ግን አይደለም። ጡትን ሳይዳስሱ ስለ ጡት ምንም ማለት አይቻልም። ኪኒኑ አንቲባዮቲክ ከሆነ፣ የሚሰጠው ኢንፌክሽን ለያዘው ጡት ነው። ያ ደግሞ ይቀላል፣ ያተኩሳል፣ ይጠዘጥዛል። አንቺ አንዱም የለብሽም።

አሁን ደግሞ እኔ የደበቅሁሽን ልንገርሽ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ጎረቤት ሲጠይቅሽ «ደም ትመረምራለች» ትያቸዋለሽ። ደም አይደለም እማዬ። ከሰው ገላ፣ ካበጠ ቦታ፣ በመርፌ የተቀዳ ናሙና ነው። ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ይቀባል። እኔ ቀለም ውስጥ ነክሬ አውጥቼ አጥበዋለሁ፣ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ያነበዋል። አንዳንዴ እኔም ዓይኔን አስጠግቼ አያለሁ። የደህና እብጠት ሴሎች እጅብ ብለው፣ እንደ ማር እንጀራ ተያይዘው ይታያሉ። የካንሰር ሴሎች ግን ሥርዓት የላቸውም። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ አስኳላቸው ያበጠ፣ ከጎረቤታቸው የተነጠሉና የተበታተኑ ናቸው።

እና ሥራዬ ይሄ ሆኖ፣ ከአራት ዓመት በፊት እኔም ጡቴ ላይ እብጠት ሳገኝ ሦስት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። ገላዬን ስታጠብ እጄን ከዚያ ቦታ አርቅ ነበር። ስላልነካሁት የሌለ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የደበቅሽበትን ልብ አውቀዋለሁ። አልፈርድብሽም።

በመጨረሻ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት፣ በማግስቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። የእኔዋ በጣት ሲነኳት እየተንሸራተተች የምትሸሽ፣ ለስላሳ ክብ ነገር ነበረች። አልትራሳውንድ አዩኝ። ቀጥሎ መርፌው። ደም ሲቀዱ ከሚጠቀሙበት መርፌ ቢቀጥን እንጂ አይወፍርም። ገብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲህ ወዲያ አለና ወጣ። በአውራ ጣቴ ጥጥ ይዤ ተጫንኩት፣ አለቀ። ቀለሙን ባልደረባዬ ነከረችልኝ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ዳዊት እደግም ነበር። ውጤቱ ፋይብሮአዴኖማ ሆነ። በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው። እስከ ዛሬ እዚያው አለች፣ አልፎ አልፎ እታያለሁ።

ያንቺም እንደ እኔ ናት ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፣ ይሄ እውነት ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል፣ በመርፌ ሲመጠጥ ይሟሽሻል። ተመትቶ የጠጠረ ስብም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዕድሜ ሲጨምር የካንሰሩም ዕድል ይጨምራል። አንቺ 63 ዓመትሽ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አዲስ የመጣ እብጠት ሳይጣራ አይተውም። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ነው። ፈርቻለሁ እማዬ። ፈርቼ ነው የምጽፍልሽ።

«አታመኝም» ያልሽው ደግሞ አላሳረፈኝም። የጡት ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምም። ሴቶች እስኪያማቸው ሲጠብቁ ነው ጊዜው የሚሄድባቸው። መስታወት ፊት ቆመሽ ሁለቱንም እጆችሽን ወደ ላይ አንሺና እይልኝ። ቆዳው የሆነ ቦታ ሰርጎድ ይላል? እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል? የጡትሽ ጫፍ ቀድሞ ያልነበረ ወደ ውስጥ መግባት አለው? ደም የመሰለ ፈሳሽስ? ብብትሽ ውስጥ ንፍፊት አለ? ያየሽውን ለእህቴ ንገሪያት። አንዱም ባይኖር ግን መታየቱ አይቀርም።

ለእህቴ «ስድስት ልጅ ያጠባሁበት ጡት እንዴት ይታመማል» ብለሻታል አሉ። ማጥባት በሽታውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። «በዘራችን የለም» ማለትም አያድንም። ከታመሙት ሴቶች የሚበዙት በዘራቸው የለም። የሰው ዓይንም አይደለም። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ብረት።

«ብረት ከነካው ይባዛል» የምትይው የታችኛዋን ጎረቤታችንን እያሰብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አስታውሳቸዋለሁ። ዳቦ ሲደፉ ለእኛ የሚተርፍ ሙልሙል ያበጁልን ነበር። ግን እስቲ አብረን እንቁጠር። እብጠቱን ካገኙ በኋላ ሁለት ዓመት በነጠላ ሸፍነው ቆዩ። ቅጠል ተለጠፈበት። ወገባቸውን እያመማቸው በዱላ መሄድ ጀመሩ፣ ሰው «ብርድ ነው» አለ። ቆዳው ተከፍቶ ሽታ ሲያመጣ ልጆቻቸው ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ያኔ መርፌ ገባ። በአራተኛው ወር አረፉ። ሰፈሩ ያየው መርፌውንና ለቅሶውን ነው። መሐል ላይ ያሉትን ሁለት ዓመታት ማን ቆጠረ? ያ የወገብ ሕመም፣ ይመስለኛል፣ በሽታው መርፌው ሳይነካቸው ገና አጥንታቸው ጋ ደርሶ ስለነበር ነው። መርፌው በሽታውን አላባዛውም። የሚያባዛው ጊዜ ነው።

በየቀኑ በእጄ የሚያልፈው ስላይድ ከእንዲህ ዓይነት መርፌ የመጣ ነው። መርፌው ቢበትነው ኖሮ እኔ ራሴ ልጅሽ ጡቴን አልሰጥም ነበር።

ምን እንደሚያደርጉልሽ ልንገርሽ፣ እዚያ ስትደርሺ እንግዳ እንዳይሆንብሽ። መጀመሪያ ይዳስሱሻል፣ ሁለቱንም ጡት፣ ብብትሽንና ከአንገትሽ ግርጌ ያለውን ቦታ። ሴት ሐኪም ከፈለግሽ እኔ እጠይቅልሻለሁ። ከዚያ አልትራሳውንድ አለ፣ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው ከላይ የሚያንሸራትቱት። ማሞግራፊ ካዘዙልሽ የጡት ራጅ ነው። በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መሐል ጡትን ይጫነዋል። ለሰከንዶች ያሳምማል፣ አልደብቅሽም። በመጨረሻ መርፌው። ቀጭኑ ካልበቃቸው ቦታውን አደንዝዘው ወፈር ባለው ይወስዳሉ። እሱ ሲወስድ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው፣ እንዳትደነግጪ። ዳሰሳው፣ ምስሉና መርፌው፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው ሐኪም አፉን ሞልቶ የሚናገረው። መርፌው «ደህና ነው» ቢልና ምስሉ ክፉ ቢመስል እንኳ ድጋሚ ይወስዳሉ እንጂ አያሰናብቱሽም። ለውጤቱ ጥቂት ቀን እንጠብቃለን። ያ ነው ከሁሉ የሚከብደው። አጠገብሽ እሆናለሁ።

ካንሰር ቢሆንስ? ሕክምና አለው። በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው። ቀዶ ጥገና አለ። አንዳንዴ እብጠቱን ከዙሪያው ሥጋ ጋር ብቻ ያወጡታል፣ ጡቱ ይተርፋል። ያ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጨረር ይከተለዋል። አንዳንዴ ጡቱ በሙሉ ይወጣል። የብብቱንም ንፍፊት ያያሉ፣ በሽታው መንገድ ሲጀምር ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የሚያስፈልጋት አለች፣ የማያስፈልጋትም አለች። ኬሞ ጠጉር ያረግፋል፣ ሲያልቅ ተመልሶ ይበቅላል። ደግሞ ናሙናው ዕጢው በሴት ሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ይናገራል። ከሆነ በቀን አንድ ኪኒን ነው፣ ታሞክሲፈን ወይም አናስትሮዞል የሚባል። ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዋጣል። የግፊት ኪኒንሽን አንድ ቀን ሳትዘነጊ የምትውጪ ሴት ይሄ አይከብድሽም። ጨረር ካስፈለገ አዲስ አበባ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አልጋዬን ለቅቄልሽ መሬት እተኛለሁ።

ስለ ጸበሉም ልንገርሽ። ተጠመቂ እማዬ፣ ማን ይከለክልሻል። ሁለቱን ግን አታጣዪብኝ። የነፍስ አባትሽን አማክሪያቸው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደነበር ካንቺ በላይ እሳቸው ያውቃሉ። ጽጌንም እንደምትጾሚ አውቃለሁ። ለመርፌው ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም፣ ጾምሽም አያግደውም።

ትኬት ቆርጫለሁ። እሑድ ጥቅምት 17 ከሰዓት በኋላ አዘዞ አርፋለሁ፣ ከዚያ በባጃጅ ቤት ነኝ። ሰኞ በጠዋት አብረን ጎንደር ሆስፒታል እንሄዳለን። የሆስፒታሉ የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር። ስንት ሐኪም ወጥቶበታል። የጤና መድን መታወቂያሽን አዘጋጂ። እህቴ ነገ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ታጽፍልሽ፣ አንቺም አብረሻት ሂጂ፣ ሳያዩሽ አይጽፉም። ክሊኒኩ የሰጠሽ ኪኒን ባዶ ማሸጊያው ካለ አትጣይው፣ የግፊቱንም ይዘሽ ትመጫለሽ። የሐበሻ ቀሚሱን ተዪና ከፊት በቁልፍ የሚከፈተውን ሸሚዝ ልበሺ። ጠዋት ስትታጠቢ ጡትሽና ብብትሽ ላይ ቅባትም ፓውደርም አታድርጊ፣ ራጁ ላይ ያሳስታል።

ስለ ገንዘቡ እንዳታስቢ። የአንገትሽን ወርቅ ሸጠሽ ባገኝሽ እቀየምሻለሁ።

እስከ እሑድ ድረስ እብጠቷን ማንም አይሽልሽ፣ ማንም ቅጠል አይለጥፍብሽ። ሌሊት ቢጨንቅሽ ደውዪልኝ፣ ስልኬን ትራሴ ስር አድርጌ ነው የምተኛው። እህቴም ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጋ ትተኛ። እሑድ ማታ ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላልሽ።

ምርቃትሽ አይለየኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ