ለአባዬ፣ ድሬዳዋ ከዚራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱን ግን ዛሬም አልለመድኩትም።

ባለፈው በስልክ «ይህን ሁሉ ተምረሽ አሁንም ተቆጣጣሪ አለብሽ?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። መስመሩ ተቆረጠና ሳልመልስልህ ቀረሁ። አዎ፣ አለብኝ። እዚህ አሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት ለመሆን ክፍል ውስጥ መማር ብቻ አይበቃም። የሙያ ማኅበራቸው መስፈርት ቢያንስ 1,200 ሰዓት ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የሥራ ላይ ልምምድ ይላል፤ ከሱ በፊት ያለው ፕራክቲከም የሚሉት የመጀመሪያ ልምምድ ሳይቆጠር። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 600ው የግድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ያውም አንተ ተቆጣጣሪ ባልከው፣ በሱፐርቫይዘር ሥር። አንተስ ባቡሩን ለብቻህ ከመረከብህ በፊት ከነጂው ጎን በረዳትነት ስንቴ ጅቡቲ ተመላለስክ?

ሱፐርቫይዘሬ ብዙ የማታወራ ሴትዮ ናት። አንድ ተማሪ ስፈትን ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ትንፍሽ አትልም። በሳምንት አንዴ ግን ለብቻችን ቁጭ ብለን የጻፍኩትን መስመር በመስመር እናየዋለን። «ትኩረት የለውም» የሚል ካገኘች «ይሄን ያለው ማነው? አንቺ ምን አየሽ?» ትላለች። መምህሩ ያለው የመምህሩ ተብሎ ይጻፋል። እኔ ያየሁት ለብቻው፤ ልጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንቴ ከወንበሩ ተነሳ፣ ምን ሲሰጠው ተነሳ። አድካሚ ነው። ግን እውነቷን ነው፤ በዚያ ወረቀት ልጁ የትኛው ክፍል፣ በምን እገዛ እንደሚማር ይወሰናል።

ከድሬ ይዤው የመጣሁት ነገርም ጠቅሞኛል። ቤት አማርኛ፣ ቀፊራ ገበያ ኦሮምኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማሊኛ እየሰማን ነው ያደግነው። እዚህ የስደተኛ ልጅ ዝም ካለ ቶሎ «የመማር ችግር አለበት» የሚል አይጠፋም። ሕጉ ግን እስከተቻለ ድረስ በራሱ ቋንቋ ይፈተን ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀልድ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ጥያቄዋን ወዳታለች፤ አሁን እሷም ትጠይቃለች።

የጎረቤታችንን የልጅ ልጅ ነገር አልረሳሁም። ክፍል ስለደገመ ብቻ «ትምህርት አይዘልቀውም» ማለቱን ይተዉት በልልኝ። ሳላየው ይሄ ነው ችግሩ ልል አልችልም፤ ብልም ሱፐርቫይዘሬ አትምረኝም። ግን ከሁሉ በፊት የሚጣራው ዓይንና ጆሮ ነውና ያስመርምሩት። የሚሳሳተው ከሰሌዳ ሲገለብጥ ነው ወይስ ከመጽሐፍም? አንድ ቀን አጠገብህ አስቀምጠህ ሁለቱንም አስገልብጠውና ንገረኝ። ለወሬም ታገኘዋለህ፣ ብቻህን ከምትውል።

ትንሽ ብር በአጎቴ ልጅ እጅ ልኬያለሁ። የግፊቱን መድኃኒት ደግሞ ሻል ሲልህ እንዳታቆመው፣ በእማዬ ይዤሃለሁ።

ልጅህ