ለአሮጌ ቮልስ የፍሬቻ አምፖል ስትገዙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ለሚወርዱ የአሮጌ ቮልስ ባለቤቶች ይህችን ብታወጡልኝ። መጀመሪያ ባትሪውን እዩ፤ ቀደምቶቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ የ12 ቮልት አምፖል ይፈዝባቸዋል።

ለ12 ቮልቱ ልኩ 21 ዋት ነው። «ከበራ ምን አለበት» ተብሎ 5 ዋት ወይም ኤልኢዲ ይገባል፤ የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) ግን የሚሠራው በሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ሙቀት ነው። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች 3.5 አምፔር ይስባሉ፤ ከዚያ በጣም ሲያንስ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ማለቱን ይተዋል።

ሽፋኑ ቢጫ ከሆነ ነጩን አምፖል ግዙ። የቢጫው አምፖል ሁለት ጆሮዎች ትይዩ አይደሉም፤ በግድ ቢጠመዘዝ መቀመጫውን ይሰብራል። አዲሱም ፈዞ ከበራ መቀመጫው ዝጎ ይሆናል፤ ባትሪውን ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

አንድ የደሴ አንባቢ