ሁለት ጋሎን፣ ሁለት ቀይ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከአንድ ወር በፊት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ትራክተር ባዩ ቁጥር «ማታለያ ነው» እንደሚሉ ጽፈው ነበር። ግማሹን እቀበላለሁ። ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ፣ ላዩን አብረቅርቆ የሚሸጥ ደላላ እዚህ አሰላም አይጠፋም። እኔ ግን ትራክተሬን የቀባሁት ልሸጠው አይደለም። እንዲያውም የተሸወድኩት እኔው ነኝ። የሸወደኝም ትራክተር ሻጭ ሳይሆን ቀለም ሻጭ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ የተሠራ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት። እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት የጀመረ ሞዴል ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቅም።

አባቴ ጭላሎ ውስጥ ጢሰኛ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሲቋቋም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ። ስንዴ ማዋጣት ጀመረ። ስንዴው ሲያዋጣ ባለመሬቶቹ ትራክተር ገዙ። ትራክተር የገዛ ሰው ጢሰኛ ምን ያደርግለታል? ብዙ ቤተሰብ ከመሬቱ ተነሳ፤ የእኛም አንዱ ነበር። አባቴ ወዴት ይሂድ? ያስነሳውን ማሽን ሊነዳ ሄደ። መጀመሪያ ረዳት ሆኖ ግራሶ እየሞላ፣ በኋላ ሹፌር ሆኖ። መሬቱ በ1967 ተወረሰና ባለመሬቶቹም በተራቸው ሄዱ። ትራክተሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ በጨረታ ሲሸጥ አባቴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ ገዛው። ስሙን እንደ በሬ «ቀዮ» አለው። በልጅነቱ ያረሰበት በሬ ስም ነበር ይባላል።

እንግዲህ ቀዮ ቀይ መሆን አለበት። አሁን ግን ቀይ አልነበረም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ፀሐይዋ ብርድ ውስጥም ትለበልባለች። ኮፈኑና ፓራፋንጎዎቹ ነጣ ብለው ሮዝ ሆነው ነበር። በእጅ ሲነኩት እንደ ጠመኔ ይለቃል። እሱ እንግዲህ በፀሐይ የሞተው የላይኛው ቆዳ ነው። ትክክለኛውን ቀለም የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ ይፈልግ። እኔ ያገኘሁት ፓራፋንጎው ላይ ያለውን መብራት ስፈታ ነው። ከብሎኑ ሥር የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ላይ ዋናው ቀይ እንዳለ ተቀምጧል። ሳየው አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ሞተሩና ካምቢዮው ደግሞ ግራጫ ነው፤ ቸርኬው ብርማ።

ቀቢው ወጣት ልጅ ነው፤ ሥራውን ይችላል። ግን መጀመሪያ ያለኝ «ጋሼ፣ ሁሉንም አንድ ቀይ እናድርገውና እንገላገል» ነበር። ምን ማለት ነው? በሬውን ከነቀንዱ ቀይ እንቀባዋለን? እምቢ አልኩ። ግራጫውን ራሴ እበጠብጣለሁ አልኩት። ቀላል መስሎኝ ነጭና ጥቁር ብቻ ቀላቀልኩ፤ ሰማያዊ ሰማያዊ የሚል፣ የሆስፒታል ግድግዳ የመሰለ ነገር ወጣ። ነጭና ጥቁር ብቻውን እንደዚያ ነው፤ ቀዝቃዛ ይሆናል። ትንሽ ቢጫና ቡናማ ሲገባበት ሞቀ። ደግሞ ጥቁሩን ወደ ነጩ እንጂ ነጩን ወደ ጥቁሩ አትጨምሩ። ጥቁር እንደ ወጥ ጨው ነው፤ አንዴ ከበዛ ለማስተካከል ድስት አይበቃም። ለአሥር ኩባያ ነጭ አንድ ኩባያ እንኳ የማይሞላ ጥቁር ነው የገባው።

የቀለሙን ዓይነት መምረጥም ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ናይትሮው ቶሎ ይደርቃል፣ ለችኩል ሰው ደስ ይላል። ግን ደርቆም ቢሆን ቲነር ሲነካው መልሶ ይቀልጣል፤ እርጥበት ባለበት ቀን ከተነፋም ነጭ ጭጋግ ያወጣል። ባለ ሁለት ዕቃው፣ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበት፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ናፍጣም ምንም አያደርገውም። ነገር ግን ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባን የሚያሳምም ነገር ነው፤ አስም ያስይዛል። የጨርቅ ጭምብል አይመልሰውም። የኛ ልጅ ደግሞ አፉን የሚሸፍነው በሻርፕ ነው። በሱ ሳንባ የእኔ ትራክተር ለምን ያብረቅርቅ? ከተበጠበጠም በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ቆርቆሮው ውስጥ ይጋግራል። ስለዚህ ሲንተቲክ ኢናሜሉን መረጥኩ። ለመድረቅ ይዘገያል፣ ይለጠፍብሃል፣ ዝንብ ይይዛል። ግን ለሚያርስ ትራክተር ይበቃል፤ ሲላጥም ጠጋ ብሎ በብሩሽ መመለስ ይቻላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ያቺን ቀይ የያዘችውን ብረት በጋዜጣ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ይዤ ወረድኩ። መርካቶ አንድ ቀለም ሱቅ ገባሁ፤ ስሙን አልጠራም። በጥባጩ ብረቷን አየት አደረገ። ከቀዩ ቀዳ፣ ብርቱካንማ ጨመረ፣ ጥቁር ጠብ አደረገ፣ በእንጨት አማሰለ። ሚዛን የለ፣ መለኪያ የለ፣ ወረቀት የለ። «ስንት ስንት እንዳደረግህ አትጽፍም?» ስለው፣ «ፋዘር፣ ዓይኔ ሚዛን ነው» አለኝ። በመዳሰሻ ጣቱ ብረቷ ላይ ቀባና በሱቁ የሸንበቆ መብራት ሥር አሳየኝ። ገጠመ። እኔም ደስ አለኝ፣ ከፈልኩ።

አሰላ ስንደርስ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳየው ትንሽ ጠቆር ያለ መሰለኝ። ሁለት ነገር ነው ያሳሳተን። አንደኛ፣ ቀለም እርጥብ ሆኖና ደርቆ አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ በመብራት ሥር የገጠመ ቀለም ፀሐይ ላይ ሊለያይ ይችላል። ብረቷን ይዤ ከሱቁ ደጅ ወጥቼ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ቡና ጠጥቼ ማየት ነበረብኝ። እሱን እንለፈው። በመጀመሪያው ጋሎን ኮፈኑ አለቀ። ቀይ ክፉ ቀለም ነው፤ አይሸፍንም፣ ሦስት እጅ ይጠጣል። ስልክ ደወልኩ፤ «ያንኑ በጥብጥልኝ» አልኩ። «ችግር የለም» አለ። ሁለተኛው ጋሎን በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ፓራፋንጎዎቹ በሱ ተቀቡ።

በማግስቱ እማዬ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ዓይኗ ደክሟል፤ ግን ዙሪያውን ዞራ አየችውና «ልጄ፣ ቀዮን ቡሬ አደረግኸው እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። ኮፈኑ በርበሬ፣ ፓራፋንጎው ቲማቲም። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።

ግን ፍትሕ ለማድረግ ያህል የራሴንም ጥፋት ልናገር። ኮፈኑ ሥር የገባው ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው የሥር ቀለም፣ ነበር። እሱ ሲያልቅ ፓራፋንጎዎቹ ቀዩን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ተቀቡ። ቀይ ቀለም ደግሞ ከሥሩ ያለውን ያሳብቃል፤ ግራጫ ላይ ይጨልማል፣ ቀይ ላይ ይሞቃል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ለመለየት አንድ ቆርቆሮ ወስጄ፣ ሙሉውን አንድ ዓይነት ፕራይመር ቀብቼ፣ ሁለቱን ጋሎኖች ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ልዩነቱ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ሁለት እጁ የሱቁ፣ አንድ እጁ የእኔ ነው ብዬ ፈረድኩ። ስደውልለት «ፋዘር፣ ቀይ ቀይ ነው» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ያ ሁሉ የሆነው ነሐሴ ላይ ነው። እሱም ጅልነት ነበር። ዝናብ ሳያባራ ኢናሜል የሚቀባ ሰው ምን ይባላል? አራት ቀን ሙሉ እንደ ማር ተለጠፈ። ኅዳር ላይ ከመጀመሪያው ጀመርን። ኅዳር ደግሞ የአጨዳ አቧራ አለው፤ ኮምባይነሮቹ ከወረዱ አገሩ ገለባ ነው። ስለዚህ ግቢውን ውኃ እያርከፈከፍን፣ ነፋሱ ሳይነሣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ሠራን። ከሁለቱ ጋሎኖች የተረፈውንና አንድ አዲስ ጋሎን ትልቅ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ገለበጥን፤ በደንብ አማስለን በአሮጌ የናይሎን ካልሲ አጠለልን። ሥራው ሲጀመር መደረግ የነበረበት ይኸው ነበር። ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ዕቃ። ከሥሩም አንድ ዓይነት ፕራይመር ብቻ።

ስለ ማጠብም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ገራዥ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞተሩን በናፍጣ ያጥቡና ሲደርቅ ይቀባሉ። ናፍጣ ግራሶውን ያነሣል፣ ራሱ ግን ቅባቱን ትቶ ይሄዳል። ቀለሙ እላዩ ላይ ዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ያወጣል፤ በዓመቱም እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከናፍጣው በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ሲደርቅ ደግሞ በቲነር የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ።

የድሮውን ቀለም በደረቁ አትፋቁት። የዚያ ዘመን ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካንማ፣ የድሮው አንቲረስትም ጭምር፣ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ሕፃን ልጅ ላይ ክፉ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ውኃ የሚችለው ይሁን፤ እያረጠቡ ይፋቅ፣ እጣቢው ልጆችና ዶሮ ከሚውሉበት ይራቅ። አገራችን በ2010 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 429 ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ደንቡ ግን እኔን የሚያህል ትራክተር ላይ ያለውን አሮጌ ቀለም ተመልሶ አያጸዳውም።

ቀለም ሻጮችን የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። በዓይን መበጥበጥ ጥበብ ነው፤ አልንቅም። ግን ወርቅ ቤት የምትቀመጠዋን ዓይነት ትንሽ ሚዛን ግዙ። ከየትኛው ቀለም ስንት ግራም እንደገባ በማርከር ክዳኑ ላይ ጻፉ። ቀኑንም ጻፉ። ደንበኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ክዳኑን ይዞ ይመጣል፤ ያኔ ዓይናችሁ ቢደክምም ቁጥሩ አይደክምም። በማሽንና በኮድ የሚበጠብጡ ሱቆችም ኮዱን ለደንበኛው ስጡት። እሱ የናንተ ምስጢር አይደለም፤ የከፈለበት ዕቃ ነው።

«ማታለያ ነው» ላሉት አንባቢም፣ ወንድሜ፣ እንዲህ አድርገው ይዩ። ማግኔት ይያዙና ፓራፋንጎው ላይ ያንሸራትቱ፤ ስቱኮ ወፍሮ የተደፈነበት ቦታ አይዝም። የጎማ ቱቦዎቹን ይመልከቱ፤ ቀለም የተነፋባቸው ከሆነ ሰውዬው ቸኩሏል። የሴሪ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ቀለም ካለ ደግሞ ቦርሳዎን ዘግተው ይሂዱ። የእኔን ሰሌዳ በፕላስተር ሸፍነን ነው የቀባነው፤ ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል።

ቀዮ አሁን ደህና ነው። እማዬም ተቀብላዋለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከሞተሩ ጎን ጭሱ የሚወጣበት ብረትና ማርሚታው ላይ ያለው ቀለም በሁለተኛው ቀን ተቃጥሎ አረፋ አወጣ። እዚያ የሚሆነው ሙቀት የሚችል ቀለም ነው፤ እዚህ አሰላ ዞሬ ዞሬ አጣሁት። ያለው ሱቅ ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ። ጥቁሩ ይሁን፤ ቀይ አልፈልግም።

አክባሪዎ
የዘወትር አንባቢ፣ ከአሰላ