ልጄ፣ ሲኒማ ገባሁልሽ

ሆዴ እንዴት ነሽልኝ፣ የድሬ ሙቀት እንዴት አደረገሽ። ቅዳሜ ስትደውይ ያላነሳሁት ስልክ አጥፉ ስላሉን ነው፣ ሲኒማ ቤት ነበርኩ። አዎ እኔ እናትሽ! አክስቴ ሲኒማን በሙሉ ሰይጣን ቤት ነበር የምትለው፣ አዲስ አበባ መጀመሪያ ለተከፈተው ሲኒማ ሰው ያወጣለት ስም እሱ ስለነበር፣ እኔም ከአርሲ መጥቼ በሷ እጅ ስላደግኩ ስንት ዓመት ሙሉ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያን በበሩ አልፋለሁ እንጂ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም።

ይሄኛው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከኛ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ሲሚንቶ ይሸጥበት የነበረው ሱቅ። ልጆች ተከራይተው ግድግዳውን ጥቁር ቀብተው መጋረጃ ሰቅለው ፕሮጀክተር አስገብተውበታል። ወንበሩ 40 አይሞላም፣ ፈንዲሻ የለ ማስታወቂያ የለ።

ያሳዩን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚባለውን ፊልም ነው። በ66 ዓ.ም ክረምት የተቀረፀ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ የሚሰሩበትም ራሳቸው ገበሬዎቹ ናቸው እንጂ አክተር የሚባሉ አይደሉም። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ሲሉኝ እንዴት እችለዋለሁ ብዬ ነበር፣ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ግራ ነው የሚያጋባው፣ ሰው ሲሄድ እስኪደርስ ድረስ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ። በኋላ ባለመሬቱ ተቀምጦ ሲጮህባቸው ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ። አያትሽ እኮ ጭሰኛ ነበር፣ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚያካፍል። በበዓል ሙክት ጎትቶ ባለመሬቱ ደጅ ነጠላውን አደግድጎ ሲቆም አብሬው ቆሜ አውቃለሁ፣ 50 ዓመት ሙሉ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። የካቲት 25 ቀን 67 ጭሰኝነትን ያስቀረው የመሬት አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር ሰፈሩ ሲጨፍር እሱ ብቻውን ሄዶ ማሳው ዳር ተቀመጠ፣ እስኪመሽ እዛው ነው የቆየው፣ እኔ ታሞ መስሎኝ አለቀስኩ።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። ማንም አልተነሳም። ጨለማው ውስጥ አንዱ ልጅ ጭሰኛ ማለት ግን በትክክል ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ እንዴት እንደሆነ አላውቅም አፌን ከፈትኩ፣ ለባለመሬቱ የሚሰፈረውን ሲሶውን፣ እኩሌታውን፣ ያንን ማደግደግ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያንቺ እኩዮች ናቸው፣ ትንፋሽ ሳያሰሙ ነው የሰሙኝ። መብራቱ ሲመጣ ፊልሙን ካቆመበት ትንሽ ወደኋላ መልሰው ቀጠሉት።

አንቺ በላፕቶፕሽ እንደዚህ ዓይነቱን ስታዪ ስንቴ ነው ምንም የማይሆንበት ፊልም ምን ያደርግልሻል፣ ዝጊው ያልኩሽ? ይቅር በይኝ እናቴ። አያትሽ አንድ ፎቶ እንኳን እንደሌለው ታውቂያለሽ፣ መልኩን ስትጠይቂኝም መንገር ያቅተኝ ነበር። እዛ ፊልም ላይ እርፍ ይዞ ከበሬዎቹ ኋላ የሚሄድ ሰው አለ፣ ጀርባው ቁርጥ የሱን ነው። ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የማሳይሽ እንግዲህ፣ ግን አለ።

ከሲኒማ ቤቱ ልጆች አንዱን ፋሲካ ላይ ልጄ ስትመጣ ድጋሚ ታሳዩልኛላችሁ ወይ ስለው እሺ ብሎኛል። ለሁለታችን ከፊት ያዝልን ብዬዋለሁ። ቁርጥ ቀኑን ቶሎ ንገሪኝ፣ እነሱም ቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ።

እናትሽ