የቅሪተ አካል ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ድንጋይ በበረዶ ሲከፈት

ዘንድሮ ክበቡ የያዘው ርእስ በድብልብል ድንጋይ ውስጥ የተዘጋ ቅሪተ አካል ነው። ለዚህ በዓለም ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ያለው ሜዞን ክሪክ ነው። ድንጋዮቹ 308 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ሲሆን፣ ከድንጋይ ከሰሉ በላይ ካለው የጭቃ ድንጋይ የወጡ ናቸው። የከሰል ቆፋሪዎች የጣሉት የአፈር ክምር ለሰብሳቢዎች ሀብት ሆኗል። ቅጠሉም፣ ትሉም፣ ዓሣውም በወንዝ አፍ ደለል በፍጥነት ተቀበረ። መበስበስ ሲጀምር የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጭቃው ካለው ብረት ጋር ተዋሕዶ ሲደራይት የተባለውን ማዕድን ሠራ፤ ማዕድኑም ሥጋው ሳያልቅ ዙሪያውን አጥሮ ጠጠረ። ቱሊ ጭራቅ የሚባለው፣ የጀርባ አጥንት የለሽ ይሁን ባለ ጀርባ አጥንት ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት እንስሳ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በመስከረምና በጥቅምት ተማሪዎች በጎንደር ከተማችን ካሉት ከቀሃና ከአንገረብ ወንዞች ብዙ ክብ ድንጋይ አመጡ። ሁሉም ባዛልት ነበር። ባዛልት የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ስለሆነ ቅጠል አይገኝበትም። ክብ የሚሆነው ወንዝ ሲያንከባልለው፣ ወይም እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ሲፈራርስ ነው። በውስጡ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦችም የጋዝ ቀዳዳ የሞሉ ማዕድናት እንጂ ቀንድ አውጣ አይደሉም። የሲደራይት ድንጋይ ግን ላዩ ዝገት መሳይ ቀይ ቡኒ፣ ውስጡ ግራጫ ነው።

ቅርባችን ያለው ጭልጋ የ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅጠልና ግንድ፣ የጥንት የዝሆን ዘመዶችም ቅሪት የተገኘበት ነው። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም ሆነ መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ፣ ክበቡ ከዚያ አንዲት ጠጠር አላነሣም። ድብልብል ድንጋይን በበረዶ የመክፈቱን ልምምድ ያደረግነው በራሳችን በሠራነው ድብልብል ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በመጠን ሁለት እጅ ጀሶ በአንድ እጅ ውኃ ይበጠበጥና በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይፈስሳል። ላዩ ሲጠነክር በመጽሐፍ መካከል የደረቀ ቅጠል ይነጠፍበታል። በቅጠሉና ከቅጠሉ ዳር አንድ ጣት ስፋት ድረስ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ይቀባል፤ ከዚያ ሁለተኛው ጀሶ ይከመርበታል። ሳሙናው ካልተቀባ ሁለቱ ግማሾች ተጣብቀው በማይሆን ቦታ ይሰነጠቃሉ፤ እስከ ሳህኑ ጠርዝ ከተቀባ ደግሞ ሳይነኳቸው ይለያያሉ።

ሲደርቅ አረፋ መውጣቱ እስኪቆም ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ለጀሶ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፣ እውነተኛው ድንጋይ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ከዚያ በፕላስቲክ ዕቃ፣ ውኃው ድንጋዩን ሸፍኖ ከአፉ ዝቅ እንዳለ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የብርጭቆ ዕቃ ይሰነጠቃል። በማግስቱ በክፍሉ ሙቀት ቀስ ብሎ ይቅለጥ፤ ሙቅ ውኃ ማፍሰስ ክልክል ነው፣ ድንጋዩን በዘፈቀደ ይሰነጥቀዋልና። ይህ መቀዝቀዝና መቅለጥ አንድ ዙር ነው፤ ድንጋዩ እስኪሰነጠቅ ይደጋገማል። አንዱ በአምስት ዙር ይከፈታል፣ ሌላው ሃያም አይበቃውም። ኢሊኖይ በክረምት ባልዲውን ደጅ ማሳደር ይበቃል፤ ጎንደር ከተማ ግን ድንጋይ የሚሰነጥቅ ውርጭ ስለማይጥል የሻይ ክበቡን ማቀዝቀዣ ተጠቀምን። መብራት ጠፍቶ በግማሽ የቀዘቀዘ ሌሊት እንደ ዙር አልተቆጠረም።

መዶሻ የመጨረሻው ሥራ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር ተደርጎ፣ ስንጥቁ ከታየ በኋላ ጎኑ ላይ በቀስታ መታ መታ ይደረጋል። በረዶ በቅጠሉ በኩል ያለውን ደካማ ገጽ ይከተላል፤ መዶሻ ግን ቅጠሉን ለሁለት ይቆርጣል። ጀሶ እርጥብ ሳለ ጠርዙ ይፈረፈራልና ደርቆ ይመታ።

እኔ በጣም የምጠነቀቅለት መዝገቡ ነው። ሁለቱም ግማሾች ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል። አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ሀ እና ለ ተብለው ይጻፋሉ፤ ቁጥሩ በወረቀት ሳይሆን በድንጋዩ ጀርባ በማይለቅ ቀለም ይሰፍራል። ቦታው፣ ቀኑና የዙሩ ብዛት በደብተር ይገባል። የት እንደተገኘ ያልተጻፈለት ቅሪት፣ ያማረም ቢሆን፣ ለሳይንስ ብዙ አይናገርም።

ለሚመጣው መስከረም የሚያስፈልጉን 10 የመከላከያ መነጽሮች፣ አንድ ከረጢት ጀሶና ለክበቡ ብቻ የሚሆን አነስተኛ ማቀዝቀዣ ናቸው።