የእኔ ዓይን አጀንዳ ነበር ወይ?

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። የቀኝ ዓይኔ ሞራ ሐሙስ ተገፈፈ፣ ግራው ለሚቀጥለው ወር ነው። ጎንበስ ማለት፣ ዕቃ ማንሣትና ዓይን ማሸት ስለተከለከልኩ የምትጽፈው እህትህ ናት። እኔ ትራስ ተደግፌ እነግራታለሁ።

እሑድ የእድሩን ስብሰባ በእኔ ወንበር ተቀምጠህ መራህ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው እስከ ማክሰኞ ቆየ። ማክሰኞ ሁለት ሰው ደወለልኝ፣ የሁለቱም ወሬ አንድ ነው። መዋጮው ከ50 ወደ 80 ብር ይደግ በሚለው ላይ ስትነጋገሩ ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ ተነሥተው “ሁለቱ ትልልቅ ብረት ድስቶች የት ገቡ?” አሉ። አንተ “ከአጀንዳ ውጭ ነው፣ ይቀመጡ” አልክ። ደግመው ሲሞክሩ ዕድሉን ለሌላ ሰጠህ። ልጃቸው “አንቀጽ 29!” ብሎ ጮኸ፣ አንተ “ሥነ ሥርዓት!” ብለህ ጠረጴዛ ደበደብክ።

ልጄ፣ ሰዓት ያዝ እንጂ አፍ አትያዝ።

እናትህ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከእነዚያ ድስቶች ሥር ማን እንዳደረ ላንተ አልነግርህም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ስብሰባው ሲከፈት ለእኔ ዓይን ምሕረት ሲለመንና ስለ እኔ ደግነት ሲወራ ሃያ ደቂቃ አለፈ አሉ። የእኔ ዓይን አጀንዳ ነበር ወይ? ምስጋናን ሃያ ደቂቃ ያዳመጠ ሰብሳቢ ወቀሳን በግማሽ ደቂቃ ሲያስቆም፣ ሰው ሁሉ ርእስ ለመጠበቅ እንዳልሆነ ያውቃል። እጅህን ከማንሣትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ይህ ሰው ይህንኑ ያህል ቢያመሰግነን ኖሮ አስቆመው ነበር? የማታስቆመው ከሆነ ዝም ብለህ አዳምጥ።

ደግሞስ ድስቱ መቼ ከአጀንዳ ወጣ? 30 ብር ጨምሪ የተባለች ሴት ያለው ንብረት የት እንደገባ ብትጠይቅ የአጀንዳው እምብርት ነው። “ከመዋጮው ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው እትዬ?” ብትላቸው በሁለት ቃል ይነግሩህ ነበር። ሰው ወደ ነገሩ የሚገባው ሁልጊዜ በፊት ለፊት በር አይደለም፤ አንዳንዱ በጓሮ ዞሮ ነው።

አንቀጽ 29ን ልጁ ግማሹን ይዟል፣ አንተ ምንም አልያዝክም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሰው ሐሳቡን ያለ ጣልቃ ገብነት የመግለጽ ነፃነት አለው ይላል። በሦስተኛው አጀንዳ መሃል ስለ አራተኛው ላውራ የማለት መብት ግን አይሰጥም። ያው አንቀጽ ንዑስ 6 ላይ ገደብ የሚጥል ሕግ ቢወጣ እንኳ ነፃነቱ በሐሳቡ ይዘት ሊገታ እንደማይገባ ይናገራል። አንቀጽ 30 ደግሞ ከቤት ውጭ የሚደረግ ስብሰባና ሰልፍ የሕዝብን እንቅስቃሴ እንዳያውክ ሥርዓት ሊወጣለት እንደሚችል ያስቀምጣል። ለእድር የተጻፈ አይደለም፣ ግን ለእድርም ይበቃል፦ ሥርዓቱ ለጊዜውና ለቦታው ይውጣ፤ ሐሳቡን አይንካ።

ልቅ መልቀቅም አያዋጣም። በ1935 እ.ኤ.አ. ሂዩ ሎንግ የሚባል የአሜሪካ ሴናተር አንድ ሕግ ለማዘግየት ከ15 ሰዓት በላይ ሲናገር፣ የባሕር ምግብ አጠባበስ ሳይቀር አስተምሯል። ከርእስ ወጣህ የሚለው ደንብ አልነበረማ! (እህትህ “አንተስ አባዬ?” ትለኛለች። ዝም ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።)

አሁን ለሚመጣው ስብሰባ የምታደርገውን ስማ። አጀንዳው እስከ ረቡዕ ተጽፎ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፣ ለፋፊውም ሐሙስ ማታ ሲዞር ያሰማው። ከአራት ነጥብ አይብለጥ። እሑድ ከፍተህ ካነበብክ በኋላ “የሚጨመር፣ የሚቀነስ አለ?” በልና በሆድህ እስከ ሃያ ቁጠር። የእኛ ሰው ወዲያው እጅ አያወጣም፣ መጀመሪያ ጎረቤቱን ያያል። እስከ አምስት ቆጥረህ “እንግዲህ ጸድቋል” ካልክ ያልተናገረው ሁሉ መሃል ላይ ይፈነዳብሃል።

“ልዩ ልዩ”ን እንደ ልማዳችን ወደ መጨረሻ አትግፋው። ጥፋቱ የእኛም ነው፣ ስንት ዓመት እንዲያ ስናደርግ ኖርን። በ8 ሰዓት ትጀምራላችሁ፤ የአስር ሶላት ሲቃረብ ሐጂና ጓደኞቻቸው ይነሣሉ፣ እነሱን አይተው ሌሎቹም ይነሣሉ። ከ118 አባል 60 ካልተገኘ ውሳኔ የለም። ለመጨረሻ የተተወው ጉዳይ የሚደርሰው አርባ ሰው ሲቀር ስለሆነ ይወራል እንጂ አይወሰንም። ሰው ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ የራሱን ጉዳይ መዋጮው መሃል ይሰነቅረዋል። ከርእስ ከሚወጣው ሰው ግማሹ ተራው እንደማይደርስ ስላወቀ ነው የሚወጣው። ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ሌላውን አቁመህ ለልዩ ልዩ ሃያ ደቂቃ ስጥ፣ ከዚያ ወደ ጀመርከው ተመለስ። አንድ ሁለት ስብሰባ እንዲህ ካየ ሰው ራሱ ተራውን መጠበቅ ይለምዳል።

ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለሚናገር አንድ። ያልተናገረ ሰው ከተናገረው ይቅደም። ሰዓቱን አንተ አትያዝ፣ ከኮሚቴ ውጭ የሆነ ሰው ይያዝልህ፤ ሰብሳቢ ሰዓቱን ሲያይ ለማን እንዳየ ይቆጠርበታል። በኦሮምኛ የተናገረ ሰው አስተርጓሚው የፈጀው ደቂቃ ከእሱ አይቀነስበት። ይህን ካልጠበቅህ ሦስት ደቂቃ ለአንዱ ሦስት ነው፣ ለሌላው አንድ ተኩል።

ጸሐፊው ከቃለ ጉባኤው ሌላ አንድ ደብተር ይክፈት። ጉዳዩ እውነተኛ ሆኖ ቦታው ያልሆነ ነገር ሲነሣ ስሙን፣ ጉዳዩን፣ መቼ እንደሚታይና ማን እንደሚይዘው ይጻፍ፣ ስብሰባው ሳይበተን ጮክ ብሎ ይነበብ። ሳይነበብ የቀረ ማስታወሻ አፍ ከመያዝ አይለይም።

ይህን የምልህ በምክንያት ነው። ጸሐፊ በነበርኩ ጊዜ፣ አንተ ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለህ፣ ስለ ቅጣት ስንነጋገር በያጁ ጎረቤታችን ተነሥቶ የድንኳኑ መካከለኛ ምሰሶ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል አለ። ሰብሳቢው ከአጀንዳ ውጭ ነው አለው። እኔ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ። በሐምሌ፣ ጅማ ዝናቧን ስታወርደው፣ ውኃው ሸራው ላይ ተጠራቅሞ ምሰሶው ከዚያው መጋጠሚያ ታጠፈና ድንኳኑ ለቀስተኛ ላይ ወረደ። የማን ትከሻ እንደተሰበረ ታውቃለህ። ቃለ ጉባኤው አሁንም አለ፤ “የድን” ይልና ያቆማል። ሁለት ፊደል ብጨምር “የድንኳን” ይሆን ነበር። በዓመቱ መዝገብ ስንመረምር ያቺን ገጽ ሳገኛት ደብተሩን ዘግቼ ወጣሁ፣ ለማንም አላሳየሁም። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ዝናብ ሲመታ...

ድንኳኑን ቅዳሜ ፀሐይ ላይ አውጣው። መጋጠሚያዎቹን በእጅህ ዳስሳቸው፣ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል። ሸራው እርጥብ ሆኖ እንዳይታጠፍ።

ስድብ ሌላ ነው። ስም ጠርቶ “ሌባ” ያለውን በመጀመሪያው ቃል አስቁመው፤ ግን “ያስቆምኩህ ለስድቡ ነው” በለው። “ከአጀንዳ ውጭ” ካልከው ስድቡ አጀንዳው ሲደርስ የተፈቀደ ይመስለዋል። ወቀሳው በአንተ ላይ ከሆነ ደግሞ ወንበሩን ለምክትሉ ልቀቅና ከሰው መሃል ተቀምጠህ እጅህን አውጥተህ መልስ። ሰዓት ያዝ እንጂ አፍ አትያዝ አልኩህ፤ የራስህ ጉዳይ ሲሆን ሰዓቱንም አትያዝ።

እትዬ ቤት ቅዳሜ ማታ፣ ዳቦው ከወጣ በኋላ ሂድ። ሰው አትላክ። ከቁም ሣጥኑ ሥር ካለው ማር አንድ ኪሎ ያዝ። ስለ ሥነ ሥርዓት እንዳታስረዳቸው፣ “ይቅር ይበሉኝ” በልና ስለ ድስቶቹ ጠይቃቸው፣ ፊታቸው ጻፍ። እሑድ ከመዋጮው ቀጥሎ በስማቸው አጀንዳ ይያዝላቸው።

እግረ መንገድህን የጓሮው ቡና ላይ ቀይ ቀዩ ብቻ እንዲለቀም ለለቃሚዎቹ ንገራቸው፤ ባለፈው አረንጓዴ ቀላቅለውበት ነበር። ለእኔ አትጨነቅ፣ ጠብታውን እህትህ በሰዓቱ ታደርግልኛለች።

የድስቶቹን የውሰት መዝገብ ከቡፌው ላይኛው መሳቢያ ታገኘዋለህ፤ ሰማያዊ ልባስ ያለው ነው። ማን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ ከኋላ ጀምረህ እይ። ከሁለቱ በአንደኛው እጀታ ላይ እናትህ ቀይ ጨርቅ አስራበት ነበር። ጨርቁ ቢነሣም እጀታው ላይ ቀለሙ አለ፣ በዚያ ትለየዋለህ።

አባትህ